ባሌ ከጦርነት ተመለሰ፤ እቤቱ ግን አልገባም ነበር

መቼም እዚህ ቦታ ላይ የምታነቡት የፍቅርና የትዳር ጣጣ ነው። «ፍቅረኛዬ ሌላ ወደደ»፣ «እናቱ አልወደደችኝም»፣ «ቃል ገብቶልኝ ከዳኝ»... እኔም የማጫውታችሁ ያው የትዳር ነገር ነው። ብቻ በእኛ ትዳር መሐል የገባችው ሌላ ሴት አይደለችም። የገባው ጦርነት ነው።

ስሜን አልናገርም። የባሌንም አልናገርም፤ ግን ተደብቄ አልጻፍኩም። ከመላኬ በፊት አንብቦት «የሚጠቅመው ሰው ካለ ይውጣ» ብሎኛል። የትኛው ግንባር ነበር፣ ከማን ጋር ተዋጋ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ የማወራችሁ ማታ በር ዘግቶ መተኛት ስላቃተው ሰው ነው። ይሄ ደግሞ በየትኛውም ወገን ቤት አለ።

የተጋባነው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ሲበዛ ተጫዋች! ተሳፋሪው በሱ ወሬ እየሳቀ «ወራጅ አለ» ማለት ይረሳል እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር። እኔም የወደድኩት ጋቢና ተቀምጬ ነው፤ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ። በ2011 ልጃችን ተወለደች። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሳ፤ በ2014 መጀመሪያ ላይ እሱም ሄደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ የኔው ሰው ተመለሰ። ግራ ትከሻው ላይ ፍንጣሪ አለ፤ እጁን ከጆሮው በላይ ማንሳት አይችልም። ሌላ አካሉ ደህና ነበር።

ሠፈሩ እልል አለ። በግ ታረደ። ስንቱ ሳይመለስ ቀርቶ የኔ መጥቷላ! እኔም ስለቴን አገባሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብነቃ አልጋው ላይ የለም። ብፈልገው ከበሩ ኋላ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። «ምን ሆንክ?» ብለው «ተኚ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት እንዴት ልንገራችሁ? ያ ተሳፋሪ ሲያስቅ የሚውል ሰው ዘጋው። ልጁ «አባባ» ስትለው እንደ እንግዳ ልጅ ያያታል። ከትራሱ ሥር የወጥ ቤቴን ቢላዋ አገኘሁ። መኪና ይዞ ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ቁልፉን ለባለንብረቱ መለሰ፤ «ከኋላዬ ሰው ሲቀመጥ አልችልም» አለ። ሹፌር ከኋላው ሰው ካልተቀመጠ ምን ሊሠራ ነው? እኔ ሰበብ መሰለኝ፣ ስንፍና መሰለኝ።

ከሁሉ የበገነኝ ግን የፈንድሻው ነገር ነው። ቡና ላፈላ ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ዕጣን አጢሼ፣ ፈንድሻ መቁላት ስጀምር ብድግ ብሎ ይወጣል። ጎረቤት ተሰብስቦ! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሁልጊዜ። «ቡናዬን ናቀ» አልኩ። «ሌላ የሚጠጣበት ቤት አለው» ያሉኝም ነበሩ። እኔም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሸሚዙን አሽትቻለሁ። ስልኩን በርብሬያለሁ። ሴት ብትሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ።

ምክር ደግሞ ሞልቶ! እናቴ «ቻይው» አለችኝ። «እኔ አባትሽን ችዬ አይደል ያሳደግኋችሁ?» ጓደኞቼ ደግሞ «ፍቺው» አሉኝ። «ገና ወጣት ነሽ፣ ምን ያስቃጥልሻል?» ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ቃል ያለው ሰው አላገኘሁም። ስንት ቀን ጠዋት «ፍቺው» የሚለውን ይዤ ተነስቼ፣ ማታ «ቻይው» የሚለውን ይዤ ተኛሁ መሰላችሁ።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ነው። የ2016 ዋዜማ። ልጆቹ ችቦ ለኩሰው ሲጨፍሩ አመሹ። እሱ በጊዜ ተኛ፤ ደስ አለኝ። ልጄንም አጠገቡ አስተኛኋት። ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ከተማው ሁሉ ርችት ተኮሰ። ባሌ ዘሎ ተነሳ፤ ልጁን መንጭቆ ይዟት አልጋ ሥር ገባ። ገላውን ጭኖባታል። ትጮሃለች። እኔ ደግሞ ደንቆሮ፣ የታመመውን ትከሻውን ይዤ ጎተትኩት። በክርኑ መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ርችቱ እስኪያልቅ አልለቀቃትም። በኋላ መብራት ሳበራ፣ የኔን ደም አየ፣ የልጁን እጅ አየ፤ በባዶ እግሩ ወጥቶ ሄደ። ጎረቤት ግን ከአጥር ማዶ «ገደላት! ገደላት!» እያለ ነው።

የዓመት በዓሉን ጠዋት ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። የልጄ አንጓ ተሰንጥቋል። ነርሷ «ማን መታችሁ?» አለችኝ። «ወድቃ ነው» አልኩ። «አንቺስ?» «እኔም ወድቄ ነው።» ነርሷ አንገቷን ነቅንቃ ወጣችና አንዲት ልጅ እግር ሴት ይዛ መጣች። የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ናት፤ ሶሻል ወርከር የሚሏት። እኔ ፖሊስ መስላኝ ነበር።

ሁለት የላስቲክ ወንበር ካለበት ጠባብ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። «ወድቃ ነው ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለችኝ፤ «አሁን ደግሞ የሆነውን ንገሪኝ።» ያን ጊዜ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ፈንድሻውንም ጭምር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» ብላ ጠየቀች። ስለ ቢላዋው ነገርኳት። «መሞት እፈልጋለሁ ብሎ ያውቃል?» እኔ ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ማሟረት አይሆንም? እሷ ግን «መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብቻውን ከመሸከም ያሳርፈዋል እንጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንድ ማታ «እኔ ባልመለስ ይሻላችሁ ነበር» ብሎኝ ነበር። እኔ «ሟርተኛ!» ብዬ ተቆጥቼው ዝም አሰኘሁት።

የመጨረሻ ጥያቄዋ «አንቺስ በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» የሚል ነው። ታዲያላችሁ ያ ሁሉ ሲሆን አንዲት እንባ ያልወጣኝ ሰው፣ እሱን ስትጠይቀኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ባሌ ከተመለሰ ወዲህ እኔ ደህና አድሬ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ!

የዚያን ዕለት በአንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጻፈችልኝ። ቢላዋዎቹ በሙሉ ተቆልፎባቸው ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዲሆን። ልጁ ለብቻዋ እንድትተኛ። ሌሊት ሲቃዥ በእጄ እንዳልቀሰቅሰው፤ ራቅ ብዬ መብራት አብርቼ ስሙን እንድጠራው፣ የት እንዳለ እንድነግረው። ነገር ከከበደ ልጄን ይዤ የምሄድበት አንድ ቤት አስቀድሜ እንድመርጥ። የምደውልላቸውን የሁለት ሰዎች ስልክ በጎን ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «ይሄ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታ መሆኑ ግን አንቺ እንድትመቺ አይፈቅድም። እያወቀ እጁን ካነሳብሽ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ለሱ ደግሞ ሌላ በር አሳይሻለሁ።» አያችሁ? «ቻይው»ም አላለችኝ፣ «ፍቺው»ም አላለችኝ።

እናቴ ቤት ሁለት ሳምንት ከረምኩ። እሱ ለካ የበዓሉን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያደረው። ባለሙያዋ እቤታችን ሄዳ ልታነጋግረው ቀጠሮ ያዘች፤ እኔም ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ እብድ አይደለሁም፤ በከንቱ ደከሙ» አላት። እሷም ረጋ ብላ «እኔም የእብድ ሐኪም አይደለሁም። የመጣሁት ስለ ወረቀትዎ ነው» አለችው። ወረቀት? ለካ እኔ ስዘረግፍላት ቁም ሣጥን ላይ ስለተወረወረው ፌስታልም አውርቼ ኖሯል! የትከሻው የሕክምና ማስረጃ፣ የአገልግሎቱ ደብዳቤ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ለጉዳቱ የሚገባውን ለመጠየቅ ሐኪሞች ቦርድ ፊት መቅረብ አለበት፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ፌስታሉን አልነካውም። አንዱ ጸሐፊ «ጉዳትህን ተናገር» ሲለው አፉ ተያያዘ። ከኋላው የቆመው ሰው «ቶሎ በል!» አለው። ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ከባለሙያዋ ጋር ሄዱ። አንድ ቀን አይደለም፤ አራት ቀን። አንዱ ቢሮ «ማኅተም ይጎድለዋል»፣ ሌላው «ነገ ና»፣ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ነው»... ይሄን ለናንተ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እሷ ሰልፉ ላይ አጠገቡ ትቆማለች፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ካየች «ና ሻይ እንጠጣ» ብላ ታወጣዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ ታክሲ ተሰልፈው ሳለ፣ ከተመለሰ ጀምሮ ለማንም ያልነገረውን ነገር ነገራት። ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ሶፋ ላይ አይደለም፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ!

እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ቀናሁ። አዎ ቀናሁ! «ምን አለሽ?» ብዬ ይዣት ሞትኩ። «እሱ ሲፈልግ ይነግርሻል፤ እኔ አደራ አለብኝ» አለችኝ። ተናደድኩ። ለኔ ሳይነግር ለባዕድ! እየቆየ ነው የገባኝ። ለኔ ያልነገረኝ ስላልወደደኝ አይደለም። የሚነግረኝን ነገር ከሰማሁ በኋላ በምን ዓይን እንደማየው ፈርቶ ነው።

እሷ ናት ቀስ አድርጋ ወደ አእምሮ ሐኪም ያደረሰችው። ሐኪሙ የነገረንን ላካፍላችሁ። ነገሩ ስም አለው፤ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመድፍ ድንጋጤ የመጣ ነው ይሉት ነበር፤ ፈሪ ነው ተብሎ የተቀጣም አለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ በሚጠራበት ስም በመዝገቡ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና አብረዋቸው የሠሩ ባለሙያዎች ሲወተውቱ። ሰውዬው የሆነውን ነገር ያስታውሰዋል ማለት ብቻ አይደለም፤ እንደገና ይደርስበታል። በቅዠት፣ በድምፅ፣ በሽታ። ስለዚህ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፤ ሁልጊዜ ንቁ ነው፣ ሁልጊዜ ዘብ ነው። ሲደነዝዝ ደግሞ የሚወደውንም ሰው መውደዱን አይሰማውም። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንት ይተወዋል፤ ከወር ካለፈ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ይታከማል፤ በንግግርም በመድኃኒትም።

ያን ጊዜ ፈንድሻው ገባኝ። ብረት ድስት ውስጥ ጧ ጧ ጧ... እኔ የቡና ቁርስ እቆላለሁ፣ እሱ የሚሰማው ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ ንቀት ያልኩት ነገር!

ጠበልም ይሄዳል፤ እናቱ ሥዕለት አለባት። እኔ ባለሙያዋ የምትቆጣ መስሎኝ ደበቅኳት። ስትሰማ «ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱን ብቻ እንዳያቋርጥ» አለች። ከንስሐ አባቱም ጋር ተነጋገረች፤ እሳቸውም «መድኃኒቱም የእግዜር ነው፣ ውጠህ ና» አሉት። እዚህ አገር ስንቱ ሰው ከሁለት አንዱን ምረጥ ተብሎ መሐል ላይ ይቀራል!

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የተመለሱ ልጆች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። መጀመሪያ ሲሄድ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም በሩ አጠገብ ነው የተቀመጡት! ወንበሩ ሁሉ አንድ ጥግ ተከመረ። እዚያ ላይ ተሳሳቁ። ባሌ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ማታ ነው፣ ይሄንኑ ሲነግረኝ። ከነዚያ ከሦስቱ ጋር ሆኖ ዛሬ መንገድ ዳር ችግኝና አበባ ይሸጣል። ከኋላው ሰው አይቀመጥም፤ አትክልት ነው ያለው።

ለኛም ለሚስቶቹ ሌላ ቀን አለን። እቁብም ጀምረናል፤ ግን ዋናው ወሬው ነው። አንዷ «ቴሌቪዥን ስከፍት ይጮህብኛል» ስትል ሌላዋ «የኔም!» ትላለች። ብቻዬን የተረገምኩ ይመስለኝ የነበረው በዚያ ቀለለኝ። ስለ ልጆቹም እዚያ ነው የተማርኩት። የኔዋ ለካ በአምስት ዓመቷ፣ አባቷ የታመመው እሷ በመጮኋ ይመስላት ነበር። ባለሙያዋ ስታስስላት አልጋ ሥር ትልቅ ሰውና ትንሽ ልጅ ሣለች፤ ትንሿ አፍ የላትም። ከዚያ አባቷ ራሱ ቁጭ አድርጎ «ባንቺ አይደለም፤ አባባ ትልቅ ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው» አላት። በቃ ይሄው ነው። ለልጅ ከዚህ በላይ አይነገርም፣ ከዚህ በታችም አይበቃም።

አሁን ወደ እናቴ ልመልሳችሁ። አንድ ቀን ልጁን ልትይዝልኝ አብራኝ መጣችና ሚስቶቹ የምንሰበሰብበት ተቀመጠች። ባለሙያዋ የሕመሙን ምልክት እየዘረዘረች ነው። እናቴ መቁጠሪያዋን አቁማ ትሰማለች። በመጨረሻ «ልጄ፣ ጫማ አለማውለቅም አለበት?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር ሲበተን በእግሩ፣ በመኪና፣ እንደምንም ገባ። እናንተ ወጣቶቹ አልደረሳችሁበትም፤ እኔም አልደረስኩበትም። እናቴ እንደምትለው ያኔ ዩኒፎርም የለበሰ ለማኝ በየመንገዱ ነበር። የሠራዊቱን አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተቋቋመ፤ ገበሬውን ወደ መሬቱ፣ የከተማውን ወደ ሥራና ሥልጠና ለመመለስ ብዙ ደከመ። አባቴም ስንዴውን ተቀብሏል፣ ወረቀቱንም ይዟል። በኋላ ዘበኛ ሆነ። እኔ ሳውቀው ማታ ማታ አረቄ የሚጠጣ፣ የማይናገር ሰው ነው። ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። እናቴ «ጠባዩ ነው» ትለናለች። በ2004 ዓ.ም. ሲሞት ነው ጫማው የወለቀው።

ባለሙያዋ የእናቴን እጅ ያዘችና «አዎ እማማ፣ ይኖርበታል» አለቻት። እናቴ ብዙ ቆየች። «ታዲያ ምነው ያኔ ሰው ጠፋ?» አለች። «እኔኮ የጠላኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

መልስ የሚሰጣት አልነበረም። ባለሙያዋ ግን ሳትሸፋፍን እውነቱን ነገረቻት። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በደርግ ጊዜ ግን ተዘጋ። እንደገና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አባቴ ጫማውን አድርጎ መተኛት ሲጀምር፣ ሙያውን ለብቻው የሚያስተምር ትምህርት ቤት አገሩ ውስጥ አልነበረም። አሜሪካኖች ለዘመቻ ተመላሾች ሶሻል ወርከር መቅጠር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1926 ነው አለችን። እኛ ጋ ዛሬም ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እሷም ራሷ የምትይዘው ሰው ከአቅሟ በላይ መሆኑን ከዓይኗ አያለሁ። ለዚህ ነው ይሄን የምጽፈው። በሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ባል ወይ ወንድም ወይ አባት ተመልሶላችሁ እቤቱ ያልገባ ካለ፣ ከኔ ስህተት ተማሩ። «ስንት ገደልክ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ የሠፈር ልጆችም እንዳይጠይቁት ንገሯቸው። ሲተኛ ከኋላው አትንኩት። ድምፅ የሚያወጣ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ንገሩት። መጠጡ እንቅልፍ የሚያመጣለት ይመስለዋል፤ የሚያመጣለት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ስለ ሞት ካወራ «አታሟርት» ብላችሁ አፉን አትዝጉት፤ ስሙት፤ ቢላዋውንና መሣሪያውን አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሄዳችሁ «የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ወደሚገኝበት ይጻፉላችሁ። እሱ እምቢ ካለ እናንተ ሂዱ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሄድኩት፤ ያውም ውሸት ይዤ። ደግሞ ለራሳችሁም ተኙ። የማይተኛ ሰው የማይተኛውን አያስታምምም።

እየተመታችሁ ያላችሁ ካላችሁ ግን፣ የኔን ታሪክ አንብባችሁ «ታሞ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ባለሙያዋ ለኔ ያለችውን ነው የምደግምላችሁ። መጀመሪያ እናንተና ልጆቻችሁ ደህና ቦታ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ።

ባልሽ ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። እንደ ድሮው አልሆነም። ሰው የበዛበት ሠርግ አይሄድም። ሌሊት አንዳንዴ አሁንም ከበሩ ኋላ አገኘዋለሁ፤ ብቻ አሁን አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለባለሙያዋ የነገራትን ነገር ለኔም ነግሮኛል፤ በአንድ ዓመቱ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ ዘዴ አበጅተናል። መስኮቱን ጥርቅም፣ ቴፑን ከፍ፣ መብራቱን ብርት አድርገን ሦስታችንም ሳንተኛ እንጠብቃለን። 6 ሰዓት ሊሞላ ሲል ልጄ ሰዓቱን እያየች «አባባ፣ ርችት ሊመጣ ነው!» ትለዋለች። እሱ እጇን ይይዛል። ያው ያልቃል።

ቡና ደግሞ ያለ ፈንድሻ ለምዶልን ነበር፤ ቆሎ ነው የማቀርበው። ባለፈው እሑድ ግን ራሱ በቆሎውን ከሱቅ ገዝቶ መጣ። «ቁይልን» አለኝ። ልጄ ሮጣ «አባባ፣ ልንቆላ ነው!» አለችው። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የመጀመሪያዋ ጧ ስትል ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። አልወጣም። የብረት ድስቱን ክዳን በደህናው እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ቆመ። ከዚያ ክዳኑን አስቀምጦ «ጨው አነሰው» አለ።

ቸር ያሰንብተን።